ፉከራ ያልተፎከረላቸው አዳኞች

ጅማ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቡናው ግሩም ነበር። ለነገሩ ጅማ ላይ መጥፎ ቡና ማፍላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የሰጣችሁኝ ርዕስ «አደን፣ አሳ ማጥመድና እንጉዳይ ለቀማ፤ በገጠር መዝናናት» ይላል። ርዕሱን ወድጄዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። አደን ፊት ተቀምጧል፣ አሳ መሃል፣ እንጉዳይ ጭራ ላይ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ከጥንትም ደረጃው እንደዚህ ነው። አንበሳ ለገደለ ይፎከርለታል። አሳ ያጠመደ ቢያንስ ይበላለታል። እንጉዳይ ለቅሞ የመጣ ግን «ይሄን ደግሞ ማን ሊበላው ነው?» ይባላል። ዛሬ ይህን ደረጃ ልገለብጠው ነው የመጣሁት። አዘጋጆቹ እንዳይቀየሙኝ ግን በርዕሱ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

አደኑን ቶሎ ልለፈው። የድሮው ትልቁ አደን ለስጋ አልነበረም። ለስም ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ ጥሎ የተመለሰ ሰው በእልልታ ይቀበሉታል። ፀጉሩን ቅቤ ይቀቡታል። በሰርግም በለቅሶም «ገዳይ» እየተባለ ይነሳል። በዚሁ በእኛ አካባቢ ግን ሌላ ዓይነት አዳኝም ነበር። ከጅማ በቦንጋ መንገድ አለፍ ስትሉ፣ ከፋ ውስጥ፣ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ለዘመናት ከጫካው እያደኑ፣ ማር እየቆረጡ፣ ከሰል እያከሰሉ ኖረዋል። «ጉሬዛ ይበላሉ፣ የዱር አሳማ ይበላሉ» ተብለው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ሰው ቤት እንዳይገቡ ተደርገዋል። ጣና ዳር ደግሞ ወይጦዎች ጉማሬ እያደኑ፣ አሳ እያጠመዱ ኖሩ። እነሱም ተናቁ።

አስቡት እንግዲህ። ለዝና የገደለው ጀግና ተባለ። ልጆቹን ሊያበላ ያደነው ተናቀ። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ ነው የሚመዘዘው። ፎካሪው ከጊዜ በኋላ ጠመንጃውን ሰቅሎ ከተማ ገባ። የጫካው እውቀት ግን በተናቀው ሰው እጅ እዚያው ቀረ። አሁን እኛ የከተማ ልጆች «ዊኬንድ ላይ ወጣ እንበል» ስንል፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ጅማ ሳትገድል የምታድነው እንስሳም ነበራት። ጥርኝ ማለቴ ነው። ከነነፍሱ ተይዞ በእንጨት ጎጆ ውስጥ ይቀለባል። ከጭራው ስር ካለው እጢ ዝባዱ እየተጠረገ በበሬ ቀንድ ይሞላል። በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን ከዚህ በሚወጣው ንግድ ውስጥ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ነበረበት። የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎችም ኢትዮጵያን የሚያውቋት አንድም በዝባድ ነው። ለእንስሳው ኑሮው እስር ቤት እንደነበር ሳልናገር ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም።

አሁን አደን በፈቃድ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። «ለሚዳቋ ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልጋል። በፈቃድ ከሚታደንባቸው ቦታዎች ስማቸው የሚነሳው ባሌና አርሲ ናቸው፣ የደጋ አጋዘን ፍለጋ በዶላር የሚከፍል የውጭ ሰው የሚሄድባቸው። የእኔና የእናንተ ኪስ እዚያ አይደርስም። ዝሆን ማየት ብቻ የሚበቃው ሰው ካለ፣ ከጅማ ወደ ደቡብ፣ በጪዳ በኩል፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ዝሆንም ጎሽም አለው።

«ታዲያ አደን የሚወድ ሰው ምን ይሁን?» ካላችሁኝ መልሴ ማማ ነው። በቆሎ እሸት ሲደርስ የጅማ ዙሪያ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ የዱር አሳማና ጃርት። የምታውቁት ገበሬ ካለ አስፈቅዳችሁ አንድ ሌሊት አብራችሁት ጠብቁ። ጋቢና ባትሪ ያዙ። አሳማው ሳይታይ በፊት ይሰማል። አገዳው ቋ ብሎ ይሰበራል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቋ። ገበሬው ስንት እንደሆኑ፣ ከየት በኩል እንደገቡ፣ ግልገል ይዘው እንደሆነ በዚያ ድምፅ ብቻ ይነግራችኋል። ከዚያ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ያ አሳማ በዚህ አካባቢ አብዛኛው ሙስሊምም ኦርቶዶክስም የማይበላው ነው። ቢገደል እንኳ ድስት ውስጥ አይገባም። ገበሬው የሚፈልገው በቆሎውን ብቻ ነው። አዳኝ ማለት ለኔ ይሄ ሰውዬ ነው፣ ማንም ባይፎክርለትም።

በሉ ወደ ውሃ እንውረድ።

ጅማ ሆነው አሳ ሲያስቡ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የቦዬ ረግረግ ነው። ቅርብ ነው፣ ወፉም ደስ ይላል። ግን ጉማሬ አለበት። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው መከራውን ያያል። «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ቦዬ ላይ ዘንዶውን በጉማሬ ተክታችሁ ስሙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

ደህና አሳ የምትፈልጉ ከሆነ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ አሰንዳቦ ሂዱና ወደ ግልገል ጊቤ ውረዱ። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ ለመብራት የተጠራቀመው ውሃ ሳይታሰብ የአሳ ሀይቅ ሆነ። ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ወንዝ ለወንዝ የሚሄደው ነጭ አሳም አለ። ድሮ በቆሎ ይዘራበት የነበረ መሬት ዛሬ አሳ ይወጣበታል። መሬቱ በውሃ የተያዘበት ገበሬ ይሄን ለውጥ እንዴት እንደሚያየው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ስትሄዱ ያጋጠማችሁን አዛውንት ጠይቁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ፣ ናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ለክብደት ትንሽ እርሳስ። ለቆሮሶ የተቦካ ሊጥ ወይም የመሬት ትል ይበቃል። አምባዛ የሚሸት ነገር ይወዳል፣ የዶሮ አንጀት ለሱ ድግስ ነው። አምባዛውን ስታወጡት በጎንና በጎኑ ያለው ክንፍ ላይ እሾህ አለ፣ እሱን ተጠንቀቁ። ሞተ ብላችሁም አትዘናጉ። አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ሚኒባስ ላይ ተንፈራግጦ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርብ ላሳያችሁ። ቆሮሶ ስትራባ ወንዱ ዳር ላይ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ወዲያው መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ በአፏ ይዛቸው ትዞራለች። በዚህ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ስለዚህ የእናንተን ሊጥ አይታ አትመጣም። መንጠቆ እናትየዋን እያለፈ የተራበውን ይወስዳል። መረብ ግን ሁሉንም ይጠርጋል። ከመረብ የወጣችን ቆሮሶ አገጯን ጫን ብትሏት ጫጩት አሳዎች እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ከአፏ ሲዘረገፉ ታያላችሁ። እንዲህ ያለችው ካጋጠመቻችሁ አገጯን ሳትነኩ ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው መረብ ምን ያደርግለታል? መረብ በሱ ለሚተዳደሩት ይቅርላቸው።

አሁን ወደ ብርብራ። ቡና ያለው ቤተሰብ ልጅ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የቡናው ጥላ ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ መሬቱን የሚያለማ፣ ፍሬው ሲደርቅ ጧ ብሎ ፈንድቶ የሚበተን። የኢትዮጵያ ብቻ ዛፍ ነው። ይሄው ዛፍ የአሳ መርዝ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ውሃው ቀስ በሚልበት ቦታ ይበተናል። ትንሽ ቆይቶ አሳው እንደሰከረ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ሰዉ በእጁ ይለቅማል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለ። ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። አሳው ውሃ ውስጥ ሆኖ ታፍኖ ነው የሚሞተው።

ብርብራ የድሮ ጥበብ ነው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ጥበብነቱን አልክድም። አባቶቻችን ዛፉን ለይተው፣ መጠኑን አውቀው፣ ወንዙ ሲጎድል ጠብቀው ነው የሚጠቀሙት። ያኔ ሰዉም ትንሽ ነበር፣ ወንዙም ሰፊ። አሁን አንድ ጆንያ ዱቄት ይዞ የሚመጣ ጎረምሳ የሚያስበው የዛሬን ሽያጭ ብቻ ነው። ዱቄቱ የሚበላውንና የማይበላውን፣ ትልቁንና ጫጩቱን አይለይም። ውሃ ውስጥ ያለውን ትል ሳይቀር ይፈጃል። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን የሚከለክለው ለዚህ ነው። ብርብራውን ለቡናው ተዉለት።

ስለ ጤና አንድ ቃል። የጅማ ዙሪያ ጅረቶችና ዳርቻዎች ላይ ቢልሃርዝያ አለ። ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ ነች፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሱሪ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ መቆም ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ አይመከርም። ዳር ላይ ተቀመጡ።

አሳው ከወጣ በኋላ ያለውን ለናንተ አላስተምርም። ጥብሱን፣ ዱለቱን፣ ጉላሹን ታውቁታላችሁ። በሁዳዴ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ነጋዴው ግን ለራሱ የወሰነ ይመስላል፣ በጾም ወቅት ዋጋው ይሰማችኋልና።

እነሆ ጭራው ላይ ደረስን።

ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ከዘነበ በኋላ፣ ኩይሳ ዙሪያ ነጭ ነገር ብቅ ብቅ ይላል። እኛ የጅብ ጥላ ብለን በእግራችን መትተን እናልፋለን። ገጠር ያለው ልጅ ግን ቅርጫት ይዞ ይሮጣል። ምክንያቱም ነገ የለም። ዛሬ ያልተለቀመ ነገ ትል ይገባበታል።

ይሄ የኩይሳ እንጉዳይ ታሪኩ ጉድ ነው። ምስጥ እንጨትና ቅጠል ይበላል፣ ግን ጠንካራውን ነገር ብቻውን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ ከመሬት በታች፣ በራሱ ኩስ በሠራው ስፖንጅ መሳይ መደብ ላይ ፈንገስ ያሳድጋል። ያርሳል ብትሉ ማጋነን አይደለም። ፈንገሱ እንጨቱን ያላላለታል፣ ምስጡም ይመገባል። አፍሪካ ውስጥ ይህ ሽርክና ከጀመረ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዝናብ ሲመጣ ፈንገሱ ወደ ላይ ወጥቶ ጃንጥላውን ይዘረጋል። እኛ የምንበላው እሱን ነው። ከዚህ ቤተሰብ ትልቁ፣ ዛምቢያና ምዕራብ አፍሪካ ያለው፣ ጃንጥላው እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል። ይህን ሁሉ ጣዕም ይዞ ሰው እስካሁን ለገበያ በሚሆን መጠን ሊያለማው አልቻለም። ምስጡ ምስጢሩን አልሸጠም።

ሸቤ አካባቢ፣ ወደ በለጠ ገራ ደን መግቢያ ላይ፣ አንዱን በግንዱ ይዤ ልስብ ስል አንድ ልጅ «ጋሼ! አትጎትተው!» ብሎ ጮኸብኝ። ቁጭ ብሎ በቀጭን እንጨት ዙሪያውን ቆፈረ። እየቆፈረ፣ እየቆፈረ ሄደ። ከታች ነጭ፣ ቀጭን፣ ሥር የሚመስል ነገር ክንድ ያህል ወረደ። «ይሄ ጭራ እስከ ምስጡ ቤት ነው የሚሄደው» አለኝ። ጭራ የሌለውን እንደማይለቅም ነገረኝ። ጎትቼው ቢሆን ጭራው መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀር ነበር፣ መለያውም አብሮ።

አደራ፣ ከዚህ ተነስታችሁ «ጭራ ካለው ይበላል» ብላችሁ እንዳትሄዱ። ልጁ ጭራውን ብቻ አይደለም ያየው። ቦታውን፣ ወሩን፣ የጃንጥላውን ሹል ጫፍ፣ ሽታውን አብሮ አይቷል። እሱ ራሱ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ቤት ስንደርስ አያቱ ቅርጫቱን ተቀብለው እያንዳንዱን ገልብጠው አዩ። ሁለቱን አንስተው ወደ ውጭ ወረወሩ። «መርዝ ናቸው እንዴ እማማ?» አልኳቸው። «አላውቃቸውም» አሉኝ። በቃ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትኛውም ክፍል አልሰማሁም። መርዝ ነው አላሉም። አላውቀውም አሉና ጣሉት።

ይህ እውቀት ከጅማ ወደ ምዕራብና ደቡብ ስትሄዱ እየበዛ ይሄዳል። ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ሸኮና ማጃንግ ውስጥ ከወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅለውን ቢጫውን፣ እንጨት ላይ የሚለጠፈውን ትንሹን፣ የኩይሳውን፣ ሁሉንም በስሙ የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ልብ በሉልኝ። «ምን ዓይነት ምግብ ነው የሚበሉት» ተብለው የተናቁትም ከነዚሁ መካከል ናቸው።

ለምን አዳኞች ሁሉ ከእንጉዳይ ለቃሚ በታች ናቸው እንደምል አሁን ግልጽ ይሁንላችሁ። አንበሳ መጥቶ ያገሳል። እንጉዳይ ዝም ይላል። በቆላማና ሞቃት አገሮች ሁሉ ሣር ላይ የሚበቅል፣ ነጭ፣ ላዩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያለው፣ እጅግ የሚያምር እንጉዳይ አለ። ልጅ ሳለ ከስር ያለው ንጣፉ ነጭ ነው። ሲያረጅ ብቻ አረንጓዴ ይሆናል። በልጅነቱ የበላው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ ያጣድፈዋል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ማለት እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን ቸሩ ነው። የባሰው አማኒታ ከሚባሉት ውስጥ ገዳዮቹ ናቸው። ከበሉት በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም አይሰማም። ከዚያ ያማል። ከዚያ ሻል ይላል፣ ሰውዬውም «ተረፍኩ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚያ መሃል ጉበቱ እያለቀ ነው። ጣዕሙ ጥሩ ነው ይላሉ ከሞት የተረፉት። መቀቀልም፣ መጥበስም፣ ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም።

በነጭ ሽንኩርት ቀቅለው ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ይበላል፣ የብር ቀለበት ካልጠቆረ ይበላል፣ ከብት ወይም ጦጣ ከበላው ይበላል የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው። በስልክ ፎቶ አንስቶ መተግበሪያ መጠየቅም ያው ነው። እኔ ሌላው ነገር ላይ ቀልደኛ ሰው ነኝ፣ እዚህ ላይ ግን አልቀልድም። ከሚያውቅ የአካባቢ ሰው ጋር ካልሆነ አትብሉ። ሰው ከታመመ የቀረውን እንጉዳይ፣ ጥሬውንም የበሰለውንም፣ ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። «ነገ ይሻለኛል» አትበሉ።

በለጠ ገራ ስትሄዱ አንድ ነገር እወቁ። ደኑ ባለቤት አለው። የአካባቢው ነዋሪ «ዋቡብ» በሚባለው የደን ማኅበሩ ተደራጅቶ ይጠብቀዋል። የጫካ ቡናው፣ ማሩ፣ እንጉዳዩም ኑሮው ነው። ሰላምታ ሳትሰጡ፣ ሳታስፈቅዱ ቅርጫት ይዛችሁ አትግቡ። መሪ ይዛችሁ ለድካሙ ክፈሉት። እንደ አስተማሪ ክፈሉት ማለቴ ነው።

ንግግሬ እዚህ ጋ ነበር የሚያልቀው፣ ጥያቄዎቹ ግን ጥሩ ስለነበሩ ሁለቱን ልጨምር።

አንዲት እህት «ወንድሞቼ አሳ ሲሄዱ ቤት ጠብቂ እባላለሁ፣ ሴት ብትሄድ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀች። የእንጉዳይ ዳኛዋን አያት ነገርኳት። ዱር ውስጥ ከሚያውቁት መካከል ስንቶቹ እናቶች እንደሆኑ ወንድሞቿ ቢያዩ ቅርጫቱን ራሳቸው ይሸከሙላት ነበር። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ «መቼ ነው የምትሄዱት?» አለችኝ። ቀኑን ተነጋግረናል።

ሌላው ወጣት «እኔ ጫካም አልሄድ፣ መርዝም እፈራለሁ፣ እንጉዳይ ግን እወዳለሁ» አለ። ለሱ የቡና ገለባ አለለት። ጅማ ደግሞ ገለባ አታጣም። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ በገለባ ላይ በደንብ ይበቅላል። ገለባውን በውሃ አርሰህ ታጠነፍፈዋለህ። በርሜል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በእንፋሎት ታበስለዋለህ፣ ሌላ ሻጋታ እንዳይቀድምህ። ሲቀዘቅዝ በታጠበ እጅ ዘሩን ቀላቅለህ ፌስታል ውስጥ ትጠቀጥቀዋለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ሁሉም ነጭ ሲሆን ፌስታሉን በምላጭ ትሰነጥቀዋለህ፣ ብርሃንና አየር ትሰጠዋለህ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ውሃ ትረጫለህ። በሳምንት ገደማ ውስጥ ትቆርጣለህ። ዘሩን ከታመነ ቦታ ግዛ። ፌስታሉ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ካየህ አታባብለው፣ ከነፌስታሉ አውጥተህ ራቅ አድርገህ ቅበረው፣ ካለበለዚያ ለሌሎቹም ይደርሳል።